መርዶ ነጋሪው ቶራብና የአማቹ ብርጭቆ

ቶራብ አሊ ሰው መሞቱን ብቻ ተናግሮ አፉን ቢዘጋ ኖሮ እኔም ጋሪዬን በሰላም እየነዳሁ ባረጀሁ ነበር። ግን የት አባቱ! ሟቹ በምን እንደሞተ ካልተናገረ የበላው ሩዝ ከጉሮሮው አይወርድለትም።

እኔ ሞይዝ ነኝ። ከኋላዋ ጣውላ የተነጠፈባት ባለ ሦስት ጎማ የፔዳል ጋሪ አለችኝ፤ ሩዝም፣ ዳክዬም፣ ሙሽራም ጭኜባታለሁ። በቦኩልቶላና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ቶራብን ይጠራል፤ ቶራብ ደግሞ እኔን። ባትሪውን ጣውላው ላይ እናስቀምጣለን፣ ሁለቱን ሞንታርቦዎች አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ አዙረን እናስራለን፣ እሱ ማይኩን ይዞ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል፣ እኔ እረግጣለሁ። «የሀዘን ማስታወቂያ! የሀዘን ማስታወቂያ!» ሲል መንደሩ ጸጥ ይላል። ድስት የምታማስለዋ እጇን ታቆማለች፣ የሚጣሉት ጠባቸውን ለኋላ ያቆዩታል፣ ጺሙን የሚላጨው ሰው ፊቱ በሳሙና እንደተለቀለቀ ከጸጉር ቤት ይወጣል። ስሙን መስማት አለባቸዋ! ከስሙ ቀጥሎ የአባት ስም፣ ከዚያ ጀናዛው የት ሜዳ ላይ፣ ከየትኛው ሶላት በኋላ እንደሚሰገድ። ሌላው መርዶ ነጋሪ እዚህ ላይ ያበቃል። የኔው ጉድ እዚህ ላይ ይጀምራል።

የጎፉርን ነገር ልንገራችሁ። ኮይ የምንለው እሾሃም ዓሣ አለ፤ ኩሬው ሲደርቅ ከጭቃው ውስጥ በእጅ ነው የሚያዘው። አንዱን የያዘ ሰው ሌላ ሲያይ እጁን ነጻ ለማድረግ የመጀመሪያውን በጥርሱ ይነክሰዋል። ሁላችንም እንዲያ ስናደርግ ነው የኖርነው። ጎፉር ግን ሁለተኛውን ሲይዝ ደስ አለውና «ያዝኩህ!» ሊል አፉን ከፈተ። በጥርሱ ይዞት የነበረው ዓሣ ወደ ጉሮሮው ገባ። የኮይ እሾህ ደግሞ ወደ ኋላ ይቆማል፤ አንዴ ከገባ በጀ ብሎ አይወጣም። ኢናሊላሂ፣ ሰውዬው እዚያው ጭቃው ላይ ቀረ።

ቤተሰቡ ቶራብን «በድንገት አረፉ ብለህ ብቻ ተናገር፤ ሌላ እንዳትጨምር» ብለው አስጠነቀቁት። እሱም እሺ አለ። እስከ ገበያው ድረስም እሺታው ጸንቶ ነበር። ገበያው መሃል ስንደርስ ግን ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ አየና አልቻለም።

«የሞቱት በዓሣ ነው!» አለ በሁለቱም ሞንታርቦ። «ወንድሞቼ፣ ወደ ኩሬ ስትወርዱ ቅርጫት ያዙ! ጥርስ የዓሣ ማስቀመጫ አይደለም!»

የጎፉር ልጅ ከሻይ ቤት የቀርከሃ ዱላ ይዞ ወጣ። «አባቴ የሞቱት በአላህ ፈቃድ ነው!» እያለ ይከተለን ጀመር።

«አላህማ ፈቅዷል!» አለው ቶራብ፤ ይባስ ብሎ በማይኩ። «ግን በዓሣው በኩል ነው!»

የሚሮጠው ልጁ፣ የሚያወራው ቶራብ፣ የሚያልበው እኔ። ጉልበቴ ያን ቀን የተጎዳው እስካሁን ዝናብ ሲመጣ ይነግረኛል። ሆኖም እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ከዚያ በኋላ በኛ መንደር ዓሣ በጥርሱ የያዘ ሰው አላየሁም። ቅርጫት ሻጩ ቶራብን ባየው ቁጥር ሻይ ይጋብዘዋል።

ሰውዬው ትምህርቱን የቀሰመው እንዲህ ነው። ሐዘን ቤት ይገባል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ከዚያ መጠየቅ ይጀምራል። ምን በልቶ ነበር? የት ነበር የቆመው? ምን ለብሶ ነበር? አልቃሾቹ እስኪናደዱ ድረስ ይጠይቃል። አንዱ የአረም መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ አስቀምጦ፣ በማግሥቱ ከእርሻ ውሃ ጠምቶት ሲገባ ራሱ ጠጣው። አንዷ የአንገት ልብሷ ከተሳፈረችበት ጋሪ ጎማ ጋር ተጠመጠመ፤ የኔ ጋሪ አይደለችም፣ አላህ ይመስገን። ሌላው ደመናው እያጉረመረመ ሩዜን ልጨርስ ብሎ ሜዳው መሃል ቀረና መብረቅ ጨረሰው። ቶራብ ይህን ሁሉ ይሰማል፤ የሰማውንም ሆዱ ውስጥ አያሳድርም። እኔ ጋሪ ላይ የምትሳፈር ሴት ሁሉ በመጀመሪያ የአንገት ልብሷን ሰብስባ ለቶራብ ማሳየት አለባት፤ ካላሳየች ጋሪዬን ከኋላ ይይዝብኛል። ከኮኮናት ዛፍ ሥር የተኛ ካየ ይቀሰቅሳል። አንድ ቀን ኢማሙን ቀሰቀሳቸው! ኮኮናቱ እስከዛሬ አልወደቀም፤ ኢማሙ ግን እስከዛሬ እንደተቀየሙት ናቸው።

ሚስቱ ኮሂኑር ናት። አቤት ሴት! የዳክዬ ወጥ ስትሠራ ሽታው ከአጥር አልፎ እኔ ቤት ይመጣና ደረቅ ሩዜን ያስጠላኛል። ቤታችን አጠገብ ለአጠገብ ነው፤ የሚለየን የቀርከሃ አጥር ስለሆነ እነሱ ቤት የሚባለውን ሳልፈልግም እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ የምሰማው እሷን ነው።

«የሺዩሊ አባት! አንድ ጊዜ እንኳን ሰው ሳትገድል ቁርስህን ብላ!»

ሺዩሊ አንድ ልጃቸው ናት። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ረዛውል ለሚባል በከተማው ስልክ ለሚሸጥ ልጅ ዳሯት። ሰርጉ አማረ። ታዲያ ቶራብ ምን አደረገ? የሙሽራው አጎት የበግ አጥንት አንስተው ጥርግ አድርገው ሲግጡ አየና አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ በጣም በትሕትና፣ አጥንት አንቆት ስለሞተ ሰው ነገራቸው። ከየት ገብቶ የት እንደቆመም በጣቱ የራሱን ጉሮሮ እየነካ አሳያቸው። አጎትየው አጥንቱን አስቀመጡ። ቀጥሎ ሳህኑን። ጾማቸውን አገራቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ የረዛውል እናት ሺዩሊን ስሟን ጠርተው አያውቁም፤ «የቁራው ልጅ» ነው የሚሏት። ውሃ ስታቀርብ እንኳን «ተመልከቱልኝ፣ የአባቷ እጅ እንዳይኖርበት» ይላሉ አሉ። ልጅቷ በስልክ እያለቀሰች ለእናቷ ስትነግር በአጥሩ በኩል ሰምቼ እኔ ራሴ ቶራብን ላንቀው አምሮኝ ነበር።

ይኸው ብርዱ ገባ። የመጀመሪያው ብርድ ሲገባ አዲስ አማች ሚስቱን ይዞ ወደ አማቶቹ ቤት ይመጣል፤ የሩዝ ቂጣ፣ ዳክዬ፣ ትኩስ የቴምር ስኳር ይበላል። ከሁሉም በላይ ግን ጎህ ሲቀድ ከዛፍ የወረደ፣ እንደቀዘቀዘ፣ እሳት ያልነካው የዱር ቴምር ውሃ ይቀርብለታል። ቀጂው ማታ የዛፉን አንገት ይፍቅና ማሰሮ ያንጠለጥልበታል፤ ሌሊቱን ጠብ ጠብ ሲል ያድራል፤ ፀሐይ ሳትነካው ይጠጣል። ይህ ያልቀረበለት አማች ጫማውን አጥልቆ ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም። አማቱም ሰው ፊት ቀና ብላ አትሄድም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ብርድ ከወንዙ ማዶ ወዳለ መንደር ለመርዶ ተጠርተን ነበር። መጀመሪያ አንድ እንግዳ። ከዚያ እንግዳውን ያስታመመው የቤቱ ባለቤት። ከዚያ እህቱ። ከጤና ቢሮ ሰዎች መጡና ነገሩን አስረዱ፤ ቶራብም እንደልማዱ ጥግ ይዞ ጠየቀ። ሌሊት ትልቁ የሌሊት ወፍ እየመጣ ውሃው የሚወርድበትን ይልሳል፤ አንዳንዴም ማሰሮው ውስጥ ይሸናል። ከሱ የሚመጣው በሽታ ትኩሳት ሆኖ ይጀምርና አንጎል ላይ ይወጣል፤ ኒፓ ይሉታል። ውሃው ቢፈላ በሽታው ይሞታል፤ ጥሬው ግን ልክ እንደጣፈጠ ሰው ይገድላል። እንግዳው ያንን የጠጣው ለክብሩ ብለው አቅርበውለት ነው። ቶራብ ከዚያ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። እኔ ያን ቀን ነው የፈራሁት፤ ቶራብ ዝም ሲል አይቼ ስለማላውቅ።

ከዚያማ ብርዱን ሙሉ ስለ ሌሊት ወፍ ለፈለፈ። ግን ማን ይስማው? ኮኮናትም፣ አጥንትም፣ መብረቅም፣ አሁን ደግሞ የሌሊት ወፍ! «እሱን ከሰማን አየር መተንፈስም እንተዋለን» አሉ።

ሺዩሊና ረዛውል የገቡ ቀን ኮሂኑር አማቿን አረፍ በል ብላ ወደ ውስጥ ካስገባችው በኋላ፣ ባሏን በጓሮ በኩል ጎተተችው። ሺዩሊንም ጠራቻት። የሱን እጅ ያዘችና የልጅቷ አናት ላይ አስቀመጠችው። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ጋሪዬን ዘይት እየቀባሁ ነበር።

«ማል» አለችው። «አማችህ እስኪሄድ ድረስ በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ሞት፣ ስለ በሽታ፣ ስለ አደጋ አንዲት ቃል ከአፍህ አትወጣም።»

«የሺዩሊ እናት፣ የቴምሩን ነገር ግን…»

«ማል!»

«አባ፣ በአላህ ይዤሃለሁ» አለች ሺዩሊ ከእጁ ሥር። «እናቱ ስመለስ የሚጠይቁት እሱን ነው። አባትሽ ዘንድሮ ማንን ቀበረ ይሉኛል። አንድ ጊዜ እንደሰው አባት ሁንልኝ።»

ማለ። ምን ያድርግ? በኛ አገር በልጅ አናት ምሎ ያፈረሰ ሰው፣ መሐላው የሚወርደው ልጁ ላይ ነው። ቢናገር ልጁን፣ ባይናገር የልጁን ባል። ቶራብ ከጓሮ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

መጀመሪያ የሞከረው ቀጂው ኢድሪስን ነው። ያ ከቤት ውጭ ስለሆነ መሐላው አይመለከተውም። «ኢድሪስ ወንድሜ፣ ዛፉ አንገት ላይ የቀርከሃ ምንጣፍ ጠቅልልበት፤ ለአንድ ሌሊት ብቻ» ብሎ ለመነው።

ኢድሪስ መፋቂያ ቢላዋውን አስቀመጠ። «አባቴ ምንጣፍ ሲጠቀልል አይተሃል?»

«የሌሊት ወፉ…»

«የሌሊት ወፉ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የዛፉ ደንበኛ ነው! የሱን ድርሻ ጠጥቶ የኛን ይተውልናል። ሂድልኝ እባክህ፣ አንተ ስታወራ ውሃው ይኮመጥጣል።»

በመጀመሪያው ጠዋት ማሰሮው መጣ። ቶራብ «ልቀበልህ» ብሎ ከኢድሪስ እጅ ወሰደና በገዛ ደጁ፣ አንዲት ጠጠር በሌለበት፣ ተደናቀፈ። ሸሚዙም፣ ሽርጡም፣ ዶሮዎቹም በቴምር ውሃ ራሱ። አማቿ ቆሞ ስለሚያይ ኮሂኑር ባሏን አልተቆጣችም። «ይቅርታ ልጄ፣ ዘንድሮ እጁ ይንቀጠቀጥበታል» አለች። ረዛውልም «ኧረ እማ፣ ምንም አይደል!» አለ፤ ቁጭ ብሎም የሩዝ ፈንዲሻ በደስታ በላ። ትንሽ ቆይቶ ግን በአጥሩ በኩል የኮሂኑርን ሹክሹክታ ሰማሁ፤ ከጩኸቷ ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነው።

«ነገ ማሰሮው በኔ እጅ ነው የሚገባው። ከነካኸው ሻንጣዬን ይዤ ወንድሜ ቤት ነኝ። ልጅህ ፊት ነው የምሄደው።»

በማግሥቱ ጎህ ሊቀድ ሲል በሬን ደበደበ። ጉም ወርዶ ኩሬው እንኳን አይታይም። ሻሌን ተከናንቤ ወጣሁ። ቶራብ ባትሪውን ታቅፎ ቆሟል።

«ጋሪዋን አውጣ።»

«ኢናሊላሂ! ማን ሞተ?»

«እኔ።»

ነቅቼ እንደሆነ ፊቴን አሸሁ። «ምን ሆንኩ አልከኝ?»

«ሞቻለሁ ሞይዝ፣ ፈጠን በል! ማሰሮው ገብቷል። ውስጡ በጥርስ የተቦጨቀ ፍሬ ተንሳፍፎ በዓይኔ አይቻለሁ። ኮሂኑር በጨርቅ አጥልላ ፍሬውን ለዶሮ ጣለችውና ብርጭቆ እያጠበች ነው። ረዛውል ለሶላት ውዱ እያደረገ ነው፤ ሰግዶ እንዳበቃ ይጠጣል።»

«እንግዲያው ግባና ንገረው!»

«ምያለሁ እኮ!»

«እኔ ልንገረው?»

«አንተንማ ኮሂኑር ምን አለችህ?»

እውነቱን ነው። ከቀናት በፊት «አንተም የሱ ምላስ ነህ፤ አማቼ እስኪሄድ ደጄን እንዳትረግጥ» ብላኛለች። ብረግጥም ከአማቿ ፊት በመጥረጊያ ታባርረኛለች፤ ልጁም ብርጭቆውን ከእጇ ይቀበላል።

«የማልኩት በዚህ ቤት ውስጥ ብዬ ነው» አለ ቶራብ። «መንገድ ላይ አልማልኩም። መንገድ ላይ ግን ጥሬ የቴምር ውሃ አትጠጡ ብል ማን ይሰማኛል? ለክትባት ብጮህ አይሰሙም፤ ለጎርፍ ብጮህ አይሰሙም። ዝም ብለው የሚያዳምጡት ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ታዲያ ማንን ልግደል? የሌላ ሰው ስም አልጠራም፤ ነውር ነው። ራሴን ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ኒፓ በአንድ ጠዋት አይገድልም ብለህ የነገርከኝ አንተው አይደለህ?»

«ሞይዝ! አሁን እኔን የምታርምበት ጊዜ ነው?»

ሰደብኩት። እናቱንም አባቱንም አልተውኩም። እየሰደብኩት ግን ገመዱን እያሰርኩ ነበር፤ ረዛውል ጥሩ ልጅ ነው፤ ሲመጣ ለኔም ብስኩት ይዞልኝ መጥቷል።

ጉሙ ውስጥ ወጣን። ቶራብ ማይኩን ነካ ነካ አደረገ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሀዘን ማስታወቂያ! የሀዘን ማስታወቂያ! የቦኩልቶላ ነዋሪ፣ የሟች ካንቾን ሚያ ልጅ…» እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ስንት ሰው ሲቀብር ድምፁ ተሰብሮ አያውቅም። ዞሬ ሳየው ዓይኑ እንባ ሞልቷል። የራስን ስም በዚያ ማይክ መጥራት እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ። «…ቶራብ አሊ! የሌሊት ወፍ የላሰውን ጥሬ የቴምር ውሃ ጠጥተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል! ብርጭቆ ያነሳችሁ አስቀምጡ! ያላነሳችሁ አታንሱ! ጀናዛው በኋላ ይነገራል፤ ውሃው ግን አሁኑኑ ይፍላ!»

ታምኑኛላችሁ? የቶራብን መሞት የሚያውጀው የቶራብ ድምፅ መሆኑን አንድ ሰው አላስተዋለም። በሌላ ሰው ድምፅ መርዶ ሰምተው ስለማያውቁ ነው። በየቤቱ በር ሲከፈት ይሰማል። «እንዴ ቶራብ! ትናንት እኮ ከኮኮናት ሥር አስነስቶኛል!» እያለ የሚያለቅስ ሰማሁ። ኢድሪስ ዛፍ ላይ ነበር፤ በአንዴ ተንሸራትቶ ሲወርድ ሽርጡ የዛፉ እሾህ ላይ ቀረ። ኢማሙ ሳይቀሩ «አላህ ይማረው፣ አሳቢ ሰው ነበር» አሉ። ቶራብ ይህን ሲሰማ በእንባው መሃል ፈገግ አለ፤ ላንቀው!

ከፊት ለፊታችን ከጉሙ ውስጥ ጩኸት መጣ። ኮሂኑር ናት። ባዶ እግሯን፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ የምታጥበው ብርጭቆ በእጇ።

«የሺዩሊ አባት! አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ አትናገር ያልኩት! ልናገር ሲል ነው የከለከልኩት! ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠኸኝ አላህ ሆይ!»

ፍሬን ባልይዝ ኖሮ ከጎማው ሥር ትገባ ነበር። ቀና ስትል ሟቹ ማይክ ይዞ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል።

እግሩን ዳሰሰችው። ከዚያ የግራ ጫማውን ከእግሩ አወለቀችና በሱ ትነርተው ጀመር።

«እኔን! እንዲህ! ታስለቅሰኛለህ! በቁሜ! መበለት! ታደርገኛለህ!» በያንዳንዱ ቃል አንድ አንድ ጫማ። ማይኩ አልተዘጋም፤ ሁሉም በሁለቱም ሞንታርቦ መንደሩን እያዳረሰ ነው። ቅድም ሲያለቅስ የነበረ ሁሉ ሲስቅ ሰማሁት። እሷ ግን እየመታችው ታለቅሳለች፤ ሲደክማት ጉልበቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቶራብ ጭንቅላቷን ዳበሳት።

ከኋላዋ ሺዩሊ እያለከለከች ደረሰች፤ ከሺዩሊ ኋላ ረዛውል። በእጁ ብርጭቆ ይዟል። ብርጭቆው ባዶ ነው።

ቶራብ ማይኩን በብብቱ እንደሸጎጠ ከጋሪው ዘሎ ወረደና የልጁን ሸሚዝ ጨመደደው። «ጠጣህ? ልጄ፣ ጠጣህ ወይ?»

«አልጠጣሁም አባ። እማ አንዱን ቀድተው ሰጥተውኝ ሌላውን እያጠቡ ሳለ ነው መርዶው የተነገረው። ሲጮሁ ደንግጬ ደፋሁት።» ሱሪውን አሳየን፤ እስከ ጉልበቱ ርሷል። ቶራብ እዚያው ጎንበስ ብሎ በሻሉ ጫፍ የልጁን እጅ፣ ጣት በጣት፣ ይጠርግ ጀመር። አሁን ይህንን ማን ያስቆመዋል?

ኮሂኑር እንባዋን አበሰች። አፈረች። «ልጄ ይቅር በለን» አለችው። «ቤታችን ይሄው ነው፤ ክብርህን አላወቅንልህም። ለእናትህ ምን ብለህ ትነግራቸው ይሆን? በል ና፣ ሌላ ማሰሮ አስመጣልሃለሁ።»

ረዛውል መሬት መሬቱን አየ። «እማ፣ ስለ ኒፓ አውቃለሁ» አለ። «ሱቅ ውስጥ ስውል ስልኩ ላይ አይቻለሁ። ትናንት አባ ሲደናቀፉ አልሃምዱሊላህ ነው ያልኩት።»

«ታውቃለህ?» አለች ኮሂኑር። «ታዲያ ዛሬ ብርጭቆውን ስሰጥህ ለምን ተቀበልከኝ?»

ልጁ ግራ ገባው። እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃል ብሎ ያልጠበቀ ነው የሚመስለው።

«እርስዎ ሰጡኝ እኮ። በአማቴ ቤት እንዴት እምቢ እላለሁ?»

«ትጠጣው ነበር?»

«ፈርቼ ነበር» አለ። «ግን እጠጣው ነበር።»

ይህም በማይኩ ወጣ። መንደሩ ውስጥ ሲስቅ የነበረው ሁሉ ጸጥ አለ። ሺዩሊ የባሏን ክንድ ያዘች፤ አጥብቃ ነው የያዘችው፣ ሰው ፊት እንዲያ ስታደርግ አይቼ አላውቅም። ኮሂኑር የጋሪዬ ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እጇን እያየች ነበር፤ ብርጭቆውን የያዘችበትን።

ከዚያ ኮሂኑር እጇን ዘረጋች። «ስጠኝ» አለችው ባሏን።

«ምኑን?»

«ማይኩን ነዋ! በርቷል?»

«በርቷል።»

በሁለት እጇ ያዘችው፤ ወደ አፏ በጣም ስላስጠጋችው ሞንታርቦው አፏጨ።

«እኔ የሺዩሊ እናት ነኝ» አለች። «ባሌ አልሞተም፤ የሚሰድበው ካለ በኋላ ይምጣ። ዛሬ ጠዋት እንግዳ ያላችሁ፣ አማች የመጣላችሁ፣ ስሙኝ። ካልወደደው ይተወዋል አትበሉ። እንግዳ እምቢ አይላችሁም። ከእጃችሁ ከሆነ መርዝ መሆኑን እያወቀም ይጠጣላችኋል። እሳት ላይ ጣዱት።»

ማይኩን ለቶራብ አልመለሰችለትም። እግሯን ሰብስባ ጣውላው ላይ ወጣችና ከኋላ ጀርባዬን በብርጭቆዋ ነካ አደረገችኝ።

«ንዳ እንጂ ሞይዝ፣ ምን ትገተራለህ? ከወንዙ ማዶ ያሉት አልሰሙም።»